አምስት ጊዜ አንድ

በዚያ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል «መብረቅ» ሲባል ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። ወላጆቿ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ ብቻ ቀርቷል። ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ስትሠራ፣ ሌላው አጎንብሶ የሚፈልገውን ክር የመሰለ የሕፃን ደም ሥር እሷ በመጀመሪያው ሙከራ ታገኘዋለች፤ ሌላው ጓንቱን እስኪያጠልቅ እሷ ሥራዋን ጨርሳ እጇን ስትታጠብ ትገኛለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። እሷም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ትወደዋለች። ሰው የሚወደው ቅጽል ስም ከወጣለት ደግሞ ስሙን ላለማሳፈር መሮጡ አይቀርም። የመብረቅም ጣጣ የጀመረው ከዚሁ ነው።

ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ማሽን አለች። የደም ጋዝ መመርመሪያ ናት። ጥቂት ጠብታ ደም ይሰጧታል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሕፃኑ ሳንባ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ፣ የተቃጠለው አየር በደሙ ውስጥ ተከማችቶ እንደሆነ፣ ስኳሩንም ሳይቀር በቀጭን ወረቀት አትማ ትሰጣለች። ድሮ ደሙ በበረዶ ተይዞ ሁለት ፎቅ ወርዶ ላብራቶሪ ይገባና መልሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣ ነበር። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን አንድ ሰዓት ማለት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ማሽኗ የመጣች ቀን ክፍሉ በጭብጨባ ነው የተቀበላት።

ማሽኗ ግን ደም ከመቀበሏ በፊት ሁለት ነገር ትጠይቃለች። አንደኛ፣ የሚሠራው ማን ነው? ለዚህ ነርሷ የመታወቂያ ባጇን ታሳያታለች። ሁለተኛ፣ ደሙ የማን ነው? ለዚህ ደግሞ በሕፃኑ እግር ላይ በታሰረው ፕላስቲክ የተጻፈውን ሰባት አሃዝ የካርድ ቁጥር ማስገባት ያስፈልጋል። የማሞቂያ ሣጥኑን መስኮት መክፈት፣ ጨርቁን ገለጥ ማድረግ፣ ማሰሪያውን አዙሮ ማንበብ፤ ቢበዛ ሠላሳ ሰኮንድ ቢወስድ ነው። መብረቅ ያቺን ሠላሳ ሰኮንድ አትወዳትም። አንድ ቀን ተጣድፋ አንድን አምስት ጊዜ ተጫነችው። ማሽኗ ምንም ሳትል ተቀበለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍሉ ሰው ሁሉ «አምስት ጊዜ አንድ» እያለ መሥራት ጀመረ። የመብረቅም ባጅ በክር ታስሮ ማሽኗ አንገት ላይ ተንጠለጠለ፤ ማንም ይምጣ ማን በእሷ ባጅ ይሠራል።

ይህ የማይዋጥላቸው አንድ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ሰላምታውን ሳይጨርሱ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ስለሚሉ «ቁጥር ስንት» ነው የሚባሉት። በየሳምንቱ ማሽኗን ሊፈትሹ ይመጣሉ። በአንዱ ቀን መዝገቧን ሲያዩ ቆዩና ወደ መብረቅ ዞሩ።

«እህቴ፣ በማሽኗ መዝገብ መሠረት አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ በዓይንሽ አልዞረም። የዓመት ፈቃድሽን ጭምር እዚህ ቆመሽ ነው ያሳለፍሽው። ቤት የለሽም እንዴ?»

ነርሶቹ ሳቁ። መብረቅም ሳቀች። «እኔማ እተኛለሁ ጋሼ፣ ባጄ ነው የማይተኛው።»

«ይሁን። አንድ አንድ አንድ አንድ አንድ የሚባለው ሕፃንስ የማን ልጅ ነው? በዚህ ወር ብቻ አራት መቶ ጊዜ ደም ተወስዶበታል። ምስኪን! እስካሁን ነፍሱ አለመውጣቷ ይገርመኛል።»

ሳቁ ጋብ ሲል መነጽራቸውን አወረዱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀልዱን ተዪውና ስሚኝ። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውጤት ውጤት አይደለም፤ ወረቀት ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሠሩት ላብራቶሪ ነው፤ እዚያ የሚያለቅስ የለም። እኔ ሕፃን እየታፈነብኝ ቆሜ ቁጥር ልልቀም? ደሙን የምወስደው እኔ፣ ማሽኑ ውስጥ የማስገባው እኔ፣ ወረቀቱን የማነሳው እኔ። ምኑ ከምኑ ይምታታብኛል?»

«ሁለት ሰው እኩል የመጣ ቀንስ?»

«ያ ቀን ሲመጣ እንነጋገራለን» ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ለፍርድ አትቸኩሉባት። ከተናገረችው ግማሹ እውነት ነው፤ አደገኛ ያደረገውም ይኸው ግማሽ እውነትነቱ ነው። መብረቅ የምትሮጠው ለሕፃናቱ ብላ ነው። ውሸት የለባትም። ብቻ ለሕፃኑ ስትል የምትዘለው የሕፃኑን ማንነት መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

ሁለት ሰው እኩል የመጣበት ቀን ማክሰኞ ሆነ።

ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ አንድ ኪሎ ከአንድ መቶ ግራም የምትመዝን ልጅ አለች። የምትተነፍሰው በመተንፈሻ ማሽን ነው። እናቷ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። አባትየው ለሥራ ሩቅ አገር ስለሆነ ስሟን የምናወጣው እሱ ሲመጣ ነው ተባብለዋል። እናት ጠዋት ትመጣለች፣ በክቡ መስኮት እጇን ታስገባና ከጣቷ የማትወፍረውን የልጇን እግር ይዛ ትቀመጣለች። በልጇ ላይ የተጻፈ ሌላ የሚነበብ ነገር ስለሌለ ያንን የእግር ማሰሪያ ታነባለች። ደጋግማ ከማንበቧ ብዛት ቁጥሩን ተማሪዎቿን በምታስቆጥርበት ዜማ ማንጎራጎር ጀምራለች። መብረቅ በአጠገቧ ስታልፍ ትሰማታለች፤ እሹሩሩ እያለች ነው የሚመስላት።

አምስተኛው ሣጥን ውስጥ ያለው ወንድ ልጅ ጠንከር ያለ ነው። በአፍንጫው በገባች ትንሽ ቱቦ አየር ከመታገዙ በቀር ራሱ ይተነፍሳል።

ረፋድ ላይ ዶክተሩ የሁለቱም ደም እንዲታይ አዘዘ። መብረቅ የአምስተኛውን ወሰደች። የሦስተኛውን የወሰደችው ከአዋቂዎች ክፍል ተዛውራ ከመጣች ሁለት ሳምንት የሆናት ነርስ ናት። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። መብረቅ ደሙን ይዛ ማሽኗ ዘንድ ስትደርስ አዲሷ ነርስ ቀድማ ቆማለች። የካርድ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጓንቷ ጀርባ ላይ ጽፋ እሱን እያየች አንድ በአንድ ትጫናለች።

«ምንድነው ይሄ? ጓንትሽ ላይ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ እንዴ?» አለች መብረቅ። «በዚህ ዓይነት ልጅቷ ትምህርት ቤት እስክትገባ ውጤቱ አይደርስም። ዞር በይ፣ ላሳይሽ።»

አዲሷ ነርስ ዞር አለችላት። መብረቅ የተጀመረውን ቁጥር ሰርዛ አምስት ጊዜ አንድ ተጫነችና እሷ የያዘችውን የአምስተኛውን ደም አስገባች። እሱ ሲያልቅ እንደገና አምስት ጊዜ አንድ አለችና አዲሷ ነርስ የያዘችውን ደም አስከተለች። «አየሽ? ይኸው ነው።»

በዚህ መሐል የሁለተኛው ሣጥን ደወል ጮኸ። «ሂጂ እይው፤ ወረቀቱን እኔ አመጣዋለሁ» አለቻት። አዲሷ ነርስ ሄደች። ማሽኗ ሁለቱን ውጤት አከታትላ አወጣች። ሁለቱም ላይ ያለው ቁጥር ያው አምስት ጊዜ አንድ ነው፤ ሰዓታቸው ብቻ በሦስት ደቂቃ ይለያያል። መብረቅ ቆም ብላ እንኳ አላሰበችም። ስትመጣ አዲሷ ነርስ ቀድማ ቆማ ነበር፤ እንግዲያው የመጀመሪያው ወረቀት የእሷ ነው። ቆርጣ የመጀመሪያውን ሦስተኛው ሣጥን ላይ፣ ሁለተኛውን አምስተኛው ላይ አስቀመጠች። ተራዋን ቀምታ ራሷ እንደቀደመች ረስታዋለች።

ዶክተሩ የሦስተኛዋን ልጅ ወረቀት አየና ፊቱ በራ። «በጣም ጥሩ ናት። የመተንፈሻ ማሽኑን ትንሽ እንቀንስላትና ራሷ ትሞክር» ብሎ ቀነሰላት። የአምስተኛውን ሲያይ ግን ግራ ገባው። የተቃጠለው አየር በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ተከማችቷል ይላል ወረቀቱ፤ ልጁ ደግሞ ደረቱ ረጋ ብሎ፣ ቆዳው ቀልቶ ተኝቷል። «እስቲ ይሄን ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንየው» ብሎ አለፈ። አምስተኛውን ያዳነው ራሱን ችሎ መተንፈሱ ነው። ሦስተኛዋ ግን በማሽን የምትተነፍስ ናት፤ ከውስጥ መታፈኗን የሚናገርላት ደሟ ብቻ ነበር። ደሟ ደግሞ ተናግሯል፤ የሰማው ሰው ነው ያጣው።

አርባ ደቂቃ አልሞላም። መምህርቷ ማንጎራጎሯን አቆመች። «ሲስተር» አለች መጀመሪያ ቀስ ብላ፤ ቀጥሎ ክፍሉን በሙሉ ያስደነገጠ ጩኸት ጮኸች። ልጅቷ ጠቁራለች፤ የልብ ምቷ እየወረደ ነው። መብረቅ በርራ ደረሰች። ያኔ ፍጥነቷ ጠቀመ፤ እሱን አንካድባት። በእጅ እየነፉ፣ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመውን አክታ እየሳቡ፣ ደረቷን በሁለት ጣት እየተጫኑ አራት ደቂቃ ታገሉ። እናት ግድግዳው ላይ ተለጥፋ የልጇን መጠቅለያ ጨርቅ በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛለች። የልጅቷ የልብ ምት ተመለሰ። ቆዳዋም ቀስ በቀስ መቅላት ጀመረ።

ከቀትር በኋላ ጭንቅላቷ በአልትራሳውንድ ታየ። አንጎሏ ውስጥ ጥቂት ደም ፈስሷል።

ዶክተሩ በጠባቧ መሰብሰቢያ ክፍል ሁሉንም ጠራ። ሁለቱንም ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። «ጠዋት ደህና የነበረች ልጅ በአርባ ደቂቃ ውስጥ እንዲህ አትሆንም። የጠዋቱ ውጤቷ ልክ አልነበረም። ምናልባት ደሙ ሲወሰድ ሲሪንጁ ውስጥ አየር ገብቷል። አየር ከገባ ውጤቱ ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይወጣል። የአምስተኛው መጥፎ የወጣው ደግሞ ልጁ ሲያለቅስ ትንፋሹን ስለያዘ ይሆናል።» ከዚያ ወደ አዲሷ ነርስ ዞረ። «የወሰድሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ። አየሩን አስወጥቼው ነበር» አለች። ቀጥሎ ድምፅዋ ተሰበረ። «ያስወጣሁት መስሎኝ ነበር። እንጃ… ምናልባት አላስወጣሁትም ይሆናል። ወደ ነበርኩበት ክፍል ብትመልሱኝ ነው የሚሻለው።»

መብረቅ ክው አለች። ማሽኗ ፊት ቆማ ቁጥር የምትጫን ሴት ታየቻት፤ ያ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ጓንት ታያት፤ «ዞር በይ፣ ላሳይሽ» ያለው የገዛ ድምፅዋ ተሰማት። መጀመሪያ የገባው እሷ የያዘችው ደም ነው። ቀድማ ነበር። ወረቀቶቹ ተቀያይረዋል።

ቁጥር ስንት ከማሽኗ መዝገብ ላይ ያሳተሙትን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ሲጠይቃቸው ቀና ሳይሉ መለሱ። «ሁለት ምርመራ አለ። ሁለቱም በአንድ ሰው ባጅ የተሠሩ ናቸው። የሁለቱም ባለቤት አምስት ጊዜ አንድ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ማሽኗ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። የሚያውቅ ካለ ያስገባው ሰው ነው።»

አሁን የመብረቅን ልብ አስቡት። ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም። ጥፋቱን የወለደው ቁጥር ጥፋቱን ሊሸፍንላትም ተዘጋጅቷል። አየር ገባ ይባላል፣ አዲሷ ነርስ አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች፣ ነገ ጠዋት ሥራ ይቀጥላል። ሃያ ሁለት ዓመት የገነባችው ስምም ሳይነካ ይኖራል። ማዶ የተቀመጠችው ሴት በማታስታውሰው ጥፋት ራሷን እየወነጀለች እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

«አየር አይደለም» አለች መብረቅ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«እሷ ደሙን በደንብ ነው የወሰደችው። ቁጥሩንም እየጻፈች ነበር፤ ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ተራዋን ቀምቼ የራሴን አስቀደምኩ። ወረቀቱን ሳነሳ ግን የቀደመችው እሷ መሰለችኝ። ለሦስተኛዋ ልጅ የሰጠኋችሁ የአምስተኛውን ውጤት ነው። የእሷ መታፈን አምስተኛው ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር።»

ዶክተሩ ሁለቱን ወረቀቶች አንስቶ አስተያያቸውና መልሶ አስቀመጣቸው። ቁጥር ስንት ከተቀመጡበት ጥግ ተናገሩ። «ማሽኗ አምስት ጊዜ አንድ እንዳትቀበል ማድረግ ይቻላል። አምና ጠይቄ ነበር። ሥራ ያጓትታል ብላችሁ ተፈራርማችሁ ጻፋችሁልኝ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው።»

«የመጀመሪያው ፊርማ የእኔ ነው» አለች መብረቅ። «ይቅደዱት ጋሼ።»

ከሁሉም የከበዳት ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዶክተሩ ለእናትየው እኔ እነግራታለሁ ቢላት እምቢ አለች። አብረው ሄዱ። መምህርቷ ሣጥኑ አጠገብ እንደወትሮዋ እጇን በመስኮቱ አስገብታ ተቀምጣለች። መብረቅ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና አንድም ነገር ሳትቀንስ ነገረቻት።

እናት ቀና ብላ ዶክተሩን አየችው። «ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ደም ከዚህ የመጣ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ሊሆን ይችላል» አለ ዶክተሩ። «ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ እንዲሁም ይደርሳል። ከዚህ አልመጣም ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም።»

«ትራመዳለች? ታወራለች?»

«አሁን አይታወቅም። ስታድግ ነው የምናየው።»

መምህርቷ ወደ መብረቅ ዞረች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ለመብረቅ ይቀላት ነበር። «ቁጥሯን አላዩትም?»

«አላየሁትም።»

«እግሯ ላይ እኮ ነው ያለው።»

«አዎ።»

«አራት ዜሮ ሁለት፣ ሰባት አንድ፣ ዘጠኝ ሦስት» አለች እናት በዚያ በሚታወቀው ዜማዋ፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። መብረቅ በየቀኑ ስትሰማው የኖረችው እሹሩሩ ምን እንደሆነ ያኔ ገባት። «ገና ስም የላትም ሲስተር። ያላት ይቺ ብቻ ናት። እናንተ እንድትጠሯት የሰጠኋችሁ ይቺን ብቻ ነው።» ከዚያ ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። «ዛሬ አይንኩብኝ። ሌላ ሰው ይምጣ።»

መብረቅ ተነሥታ ወጣች። እቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና እስኪወጣላት አለቀሰች። ስትወጣ በቀጥታ ወደ ማሽኗ ሄዳ ክሩን በመቀስ ቆርጣ ባጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ቁጥር ስንት ማሽኗን አስተካክለዋት አምስት ጊዜ አንድ ሲሏት ትጮኻለች። አዲሷ ነርስ ወደ ቀድሞ ክፍሏ አልተመለሰችም፤ አዲስ ለሚመጡት ሁሉ ደሙ ከመወሰዱ በፊት ማሰሪያው እንዴት እንደሚነበብ የምታስተምረው እሷ ናት። መብረቅም በየስልጠናው መጀመሪያ ላይ ተነሥታ የዚያን ማክሰኞ ነገር ራሷ ትናገራለች። ሲያፍሩላት ታያለች፤ ቢሆንም አንዲት ቃል አታስቀርም።

የሦስተኛዋ ሣጥን ልጅ ከመተንፈሻ ማሽኑ ወጥታለች። ጭንቅላቷ ውስጥ የፈሰሰው ደም እየደረቀ ነው ይላል ዶክተሩ፤ ነገ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አፉን ሞልቶ አይናገርም። መምህርቷ ስድስት ሳምንት ሙሉ መብረቅን በሰላምታ ብቻ ነው ያሳለፈቻት። አንድ ቀን ጠዋት ግን የደም ምርመራ ታዝዞ አዲሷ ነርስ ሌላ ሕፃን ስትይዝ መብረቅ ሣጥኑ አጠገብ መጥታ ቆመች። «ሌላ ሰው ልጥራ?» አለች።

እናት አየት አደረገቻትና የልጇን እግር ከጨርቁ አውጥታ ማሰሪያውን ወደ መብረቅ አዞረችላት። «አባቷ መጥቷል። ስም አውጥተንላታል» አለችና ስሟን ነገረቻት። «ቢሆንም ቁጥሯን ያንብቡት።»

መብረቅ አጎንብሳ አነበበች። እናትየው በቃሏ አብራት ተናገረች። ሁለቱ ድምፆች እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ላይ ሄዱ።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ ነርሶች አይደላችሁም። ግን በየሥራችሁ ላይ አንድ አምስት ጊዜ አንድ አታጡም። ሳታነቡ የምትፈርሙት ቅጽ፣ ሳታዩ «ታይቷል» የምትሉት ነገር፣ «ምን ያመጣል» ብላችሁ የምትዘሉት አንድ መስመር አለ። ሁለት ዓመት ምንም ላያመጣ ይችላል። የመብረቅም ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላመጣም ነበር። በእያንዳንዱ በተዘለለ መስመር ጀርባ ግን አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ እንደዚያች ልጅ መጮህ የማይችል ሊሆን ይችላል።

መብረቅ ደሙን ይዛ ማሽኗ ፊት ቆመች። ባጇን አሳየች። ከዚያ ቁጥሩን ከእግር ማሰሪያው የገለበጠችበትን ጓንት እያየች በአንድ ጣቷ መጫን ጀመረች። አራት። ዜሮ። ሁለት። ከኋላዋ ሌላ ደም ይዞ የቆመ ነርስ በእግሩ ወለሉን ይመታል።

«መብረቅ፣ ዛሬስ ኤሊ ሆንሽ። ቶሎ በይ እንጂ!»

«ቆይ» አለች፣ ዓይኗን ከጓንቷ ላይ ሳታነሣ። «ስሟን እየጠራሁ ነው።»